ገመና የሚሸፍን ድራማ፣ ገመና የሚሸጥ ውድድር

 

ረመዳን በገባ ቁጥር ከሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች አንዱ ስለ ቴሌቪዥን ነው። «ሸኽ፣ ድራማ ማየት ጾም ያፈርሳል ወይ?» ይሉኛል። የሚጠይቁኝ ባብዛኛው እናቶች ናቸው። ወንዶችም ይጠይቁኛል፤ እነሱ ግን የሚጠይቁት ስለ ሚስቶቻቸው ነው።

አጭሩ መልስ ይኸውና። ጾምን የሚያፈርሱ ነገሮች በፊቅህ ኪታቦች ተዘርዝረዋል፤ ድራማ ማየት ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ነገር ግን ጾሙ ሳይፈርስ ምንዳው ሊጎድል ይችላል፤ ሆድ ብቻ ሳይሆን ዓይንም፣ ጆሮም፣ ምላስም ይጾማሉና። ዛሬ ልጽፍ የፈለግኩት ግን ከዚህ መልስ አልፎ ነው። ድራማውንና ውድድሩን እንደ አንድ ተመልካች ልመዝነው። «ኢማም ሆኖ ድራማ ያያል?» የሚል ካለ፣ ልጆቻችን የሚያዩትን ሳላይ በምን አፌ እመክራቸዋለሁ?

በእኛ በደባርቅ በዚህ ሰሞን ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከመግሪብ እስከ ዒሻእ ያለው ጊዜ አንድ ሰዓት፣ ቢበዛ ከሩብ ቢሆን ነው። የደጋው ብርድ ወዲያው ስለሚወርድ በር ይዘጋል። ተምር ይቀመሳል፣ የገብስ ሾርባ ይጠጣል፣ ሳምቡሳው ይቆረሳል። ቀኑን ሙሉ ተበታትኖ የዋለው ቤተሰብ ፊት ለፊት የሚገናኘው በዚያች ሰዓት ነው። አባት ከሱቅ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት፣ እናት ከምድጃ የምትመለስባት ሰዓት ናት። የቴሌቪዥን ጣቢያዎችም ይህን አሳምረው ያውቃሉ፤ ምርጥ ያሉትን ድራማ የሚያስቀምጡት ሰው ከቤቱ በሚሰበሰብበት ምሽት ነው።

በ2008 ዓ.ም ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከግጭ መንደር ተነስተው ደባርቅ የሰፈሩ ወገኖቻችንን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። በዚያ ከፍታ ላይ መብራት ባልገባበት ዘመን የረመዳን ምሽት የሚያልፈው እሳት ዳር፣ ቆሎ እየተቆረጠመ፣ አዛውንት የነቢያትን ታሪክ እየተረኩ ነበር። ልጆቻቸው ዛሬ ከከተማው ልጆች ጋር አንድ ዓይነት ድራማ ያያሉ። ይህን የምጠቅሰው የድሮው ይሻል ነበር ለማለት አይደለም፤ መብራት ኒዕማ ነው። ተራኪው መለወጡን ግን ልብ እንበል። ያኔ ተራኪው ልጁን በስም ያውቀው ነበር፤ ሲፈራ ያቆምለት፣ ሲጠይቅ ይመልስለት ነበር። የዛሬው ተራኪ ልጃችን ይኑር አይኑር አያውቅም። ስለዚህ ልጁን የሚያውቀው ሰው፣ ማለትም አባትና እናት፣ አጠገቡ መቀመጥ አለባቸው።

አንዳንድ ወንድሞች ታሪክ መስማትና ማየት ራሱ ከንቱ ነው ይላሉ። እኔ አልስማማም። ቁርዓን ራሱ በታሪክ ያስተምራል። ሱረቱ ዩሱፍን እዩ። የወንድማማች ቅናት አለ፣ የአባት ለቅሶ አለ፣ የተዘጋ በርና የተቀደደ ቀሚስ አለ፣ እስር አለ፣ ሥልጣን አለ፣ መገናኘት አለ። ዛሬ ድራማ ጸሐፊዎች የሚሯሯጡለት ነገር ሁሉ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ተሟልቷል። ልዩነቱ በአነጋገሩ ላይ ነው። ኃጢአቱ ይነገረናል፤ እንድንቋምጥለት ግን አይደረግም። በሩ መዘጋቱን እንሰማለን፤ ዓይናችን ግን በቀዳዳ እንዲያይ አልተጋበዘም።

በመጨረሻም ሙፈሲሮች የሚያነሱት አንድ ድንቅ ነጥብ አለ። ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ከወላጆቹና ከወንድሞቹ ጋር ሲገናኝ አላህ ያደረገለትን ሲቆጥር ከእስር ቤት መውጣቱን ያነሳል። ጉድጓዱን ግን አያነሳም። ጉድጓዱ ከእስሩ የቀለለ ሆኖ አይደለም። ወንድሞቹ እዚያው ቆመው ነበርና ሊያሳፍራቸው አልፈለገም። ይቅር ካላቸው በኋላ ገመናቸውን ሸፈነላቸው።

የእኔ መመዘኛ ይህ ነው። አንድ ድራማ ወይም ውድድር ለቤተሰቤ ይጠቅማል ወይ ብዬ ስጠይቅ የማየው በሰው ገመና ላይ የሚያደርገውን ነው። ሰው ሲወድቅ ያሳየናል? ለምን ያሳየናል? እንድናዝንና እንድንጠነቀቅ ነው ወይስ እንድንስቅበትና እንድናማው? ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ የወንድሙን ነውር የሸፈነን አላህ በዱንያም በአኺራም እንደሚሸፍንለት ተነግሯል። ይህ ለጎረቤት ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ካሜራ ለያዘም፣ ሪሞት ለያዘም ነው።

በዚህ ሚዛን የአገራችንን ድራማዎች ስመዝን ምስጋና የሚገባቸው አሉ። ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው «ሰው ለሰው» ሲተላለፍ መንገዱ ጭር ይል እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ተንኮሉ ማለቂያ አልነበረውም፤ ሰው ግን ክፋት ደግ ልብስ ለብሶ እንዴት እንደሚመጣ ከእሱ ተማረ። ከእሱ ቀደም ብሎ የቀረበው «ገመና» ደግሞ ርዕሱ ብቻውን ትምህርት ነበር። ገመና በአማርኛችን የቤት ምሥጢር ነው፣ የሚሸፈን ነገር ነው። በአርትስ ቲቪ የቀረበው «እረኛዬ»ም የገጠሩን ሰው አነጋገርና ክብር ሳያላግጥበት በማቅረቡ ደስ ብሎኛል። እኛ የዳባትና የደባርቅ ሰዎች በድራማ ውስጥ ገጠሬ ሲመጣ የሚሳቅበት ሆኖ ማየት ሰልችቶናልና።

ወደ ትርጉም ድራማዎቹ ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ አቅርቦ ቤቱን ሁሉ ያዘ። የአገር ውስጥ የጥበብ ሰዎች ሥራችንን ይጎዳል ብለው መቃወማቸውም ይታወሳል። የቱርኩ «ጥቁር ፍቅር» ከእነዚህ አንዱ ነው። ከማል፣ ዘይነብ፣ ኤሚር የሚባሉ ሰዎችን በአማርኛ ሲናገሩ የሰሙ ልጆቻችን የራሳቸው ዘመዶች መሰሏቸው። ስሙ የእኛ ነው። ነገር ግን ልብ ብላችሁ እዩ፤ በዚያ ሁሉ ክፍል ውስጥ ሰጋጅ ለማየት ምን ያህል ትጠብቃላችሁ? ከማል የሚባል ልጅ ያለበት ቤት ሲጣላ፣ ሲታረቅ፣ ሲያገባ፣ ሲቀብር ወደ አላህ እጁን የሚያነሳ ብዙ ጊዜ አይታይም። ልጅ ይህን ለዓመታት ካየ ስሙ ብቻ ሙስሊም መሆን በቂ ነው ብሎ ሊያድግ ይችላል። ቱርኮቹን ለመስደብ አይደለም። እነሱ ድራማ ሠሩ፤ አስተማሪ አድርገን የሾምናቸው እኛ ነን።

«እንግዲያው የእስልምና ድራማ እንይ» የሚሉ አሉ። በዐረቡ ዓለም ረመዳን የድራማ ወር ከሆነ ቆይቷል፤ ጣቢያዎች ዓመቱን ሙሉ የሚያዘጋጁት ለዚህ ወር ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. በረመዳን የተላለፈውን የሐቲም ዐሊን «ዑመር» ብዙዎች ያውቁታል። አል-አዝሀር ሶሓቦች በተዋናይ መታየታቸውን ተቃውሟል፤ ሌሎች ዑለማዎች ደግሞ ጽሑፉን ገምግመው ደግፈዋል። እኔ ዐረብኛውን ወድጄዋለሁ፤ ንጹሕ ፉስሓ የሚሰማበት ድራማ ጥቂት ነው። ነገር ግን ልጆች ዑመርን (ረ.ዐ.) ባሰቡ ቁጥር የተዋናዩ ፊት ድቅን እንዳይልባቸው እፈራለሁ።

የወጣቶቻችንን ስልክ የሞላው «ኤርቱግሩል» ደግሞ ሌላ ነው። ከ2014 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. በቱርክ የተላለፈው ይህ ድራማ 150 ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ወደ ሁለት ሰዓት ይጠጋል። ጀግንነቱ፣ ወንድማማችነቱ፣ በአላህ መመካቱ ደስ ይላል። እስኪ ግን ሒሳቡን እንሥራ። 300 ሰዓት ገደማ ነው። በደንብ የሚያነብ ሰው አንድ ጁዝእ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ቁርዓንን ማኽተም ቢበዛ 20 ሰዓት ነው። አንድ ወጣት ኤርቱግሩልን አይቶ በጨረሰበት ጊዜ 15 ጊዜ ማኽተም ይችል ነበር። አንዱን ለማየት ጊዜ ያገኘ ሰው ለሌላው «ጊዜ የለኝም» ማለት ያሳፍረዋል። ስለ እስልምና የሚያወራ ድራማ ማየት እስልምናን መኖር አይደለም።

አሁን ወደ ውድድሮቹ እንሂድ። የሙዚቃውን ሑክም ለጊዜው ወደ ጎን ላድርገው፤ አቋሜን በመስጊድ የሰማ ሰምቷል። እዚህ የማወራው ስለ ውድድሩ ጠባይ ነው። የአብርሃም ወልዴ «ባላገሩ አይዶል» ከየክልሉ ያልታወቁ ልጆችን አውጥቷል፤ የመጀመሪያው አሸናፊ ዳዊት ጽጌ ዛሬ ስሙ የታወቀ ነው። «ፋና ላምሮት»ም በየሳምንቱ ቤተሰብን የሚሰበስብ ሆኗል። ድሃ ልጅ አማላጅ ሳይኖረው በችሎታው ብቻ መድረክ ላይ ቆሞ መመዘኑ በራሱ ፍትሕ ነው። ይህን መካድ አይገባም።

የሚያሳስቡኝ ግን ሁለት ነገሮች አሉ። የማንንም ጣቢያ ስም ጠርቼ አልወቅስም፤ በአጠቃላይ የዚህ ዓይነት ፕሮግራም በሽታ ነው።

አንደኛው በማጣሪያው ላይ የሚሳቅባቸው ልጆች ጉዳይ ነው። ድምፁ የማያምር ልጅ ተስፋ አድርጎ መጥቶ ይሞክራል፤ ዳኞች ይሳሳቃሉ፤ ካሜራው ፊቱን ያቀርባል፤ አገር በሙሉ ያያል። ልጁ ወደ ሰፈሩ ሲመለስ ያ ቅንጫቢ ቀድሞት ደርሷል። አላህ በሱረቱል ሑጁራት ሕዝብ በሕዝብ ላይ እንዳይሳለቅ ከልክሏል፤ የተሳለቁበት ከተሳላቂው ሊበልጥ ይችላልና። እኛ ሳሎናችን ተቀምጠን ስንስቅ አጠገባችን ያለው ልጅ ምን እየተማረ ነው? ነገ መድረሳ ውስጥ «ቃፍ»ን ማውጣት ባቃተው ደረሳ ላይ የሚስቀው ማንን አይቶ ነው?

ሁለተኛው ድምፅ አሰጣጡ ነው። «ቁጥሩን በአጭር መልእክት ላኩ» ሲባል ሰው የሚልከው የተሻለውን መዝኖ ሳይሆን «የአገራችን ልጅ ነው» ብሎ ነው። አላህ በራሳችን፣ በወላጆቻችንና በዘመዶቻችን ላይ እንኳን ቢሆን በፍትሕ እንድንመሰክር አዞናል። ልጅህ ስልክህን ተቀብሎ «አባ፣ ለማን ልላክ?» ሲልህ ትልቅ ዕድል አግኝተሃል። «ማን የተሻለ ይመስልሃል? ለምን?» ብለህ ጠይቀው። የሌላ አካባቢ ልጅ የተሻለ ከሆነና እሱን ከመረጠ የፍትሕን ትምህርት በእጁ ጻፈ ማለት ነው። «የእኛን ልጅ እንምረጥ» ካልከው ደግሞ ዛሬ አገራችንን ያደማውን ወገንተኝነት በአጭር መልእክት አስተማርከው።

ከውድድር የባሰው ግን ሰውን አቅርቦ ገመናውን የሚያስዘረዝረው ፕሮግራም ነው። ባልና ሚስት የተጣሉበት፣ ልጅ አባቱን የወቀሰበት፣ እህት የተደፈረችበትን ታሪክ ዘፈን ከሥር ተደርጎ፣ እንባዋ በቅርበት እየታየ ይቀርባል። የተበደለ ሰው ፍትሕ ፈልጎ መናገሩ መብቱ ነው፤ እሱን አልነካም። ሽያጩን ነው የምለው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አላህ ሌሊት የሸፈነለትን በደል ጠዋት ራሱ ገልጦ የሚያወራን ሰው ከምሕረት የራቀ አድርገው ነግረውናል። አሁን ደግሞ ሰው የራሱን መሸፈኛ ራሱ እንዲገፍ የሚከፈልበት ዘመን ላይ ደርሰናል። ይህን ስናይ ሐሜት በረመዳን ሳሎናችን ገብቶ ከእኛ ጋር እያፈጠረ ነው።

«እሺ፣ የቁርዓን ውድድርስ?» ትሉኝ ይሆናል። ይህኛውን እወዳለሁ። ዱባይ ዓለም አቀፍ የቁርዓን ሽልማት ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። በሳዑዲ በረመዳን የተላለፈው «ዒጥሩል ከላም» ቲላዋንና አዛንን አወዳድሮ 12 ሚሊዮን ሪያል ሸልሟል። አዲስ አበባም ዓለም አቀፍ የቁርዓንና የአዛን ውድድር አስተናግዳለች። የቢላል አገር ናትና ያምርባታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የአቡ ሙሳ አል-አሽዐሪን ድምፅ ቆመው አድምጠው አሞግሰውታል፤ ቁርዓንን በድምፅ ማስዋብ የተወደደ ነው።

ነገር ግን እዚህም ላይ ሚዛኑ አይቀርም። በመጀመሪያ ከሚፈረድባቸው ሰዎች መካከል «ቃሪእ እንዲባል» የቀራ ሰው እንዳለ በሐዲስ ሰምተናል። አንዳንድ ወላጆች ልጃቸውን ወደ መድረሳ ሲያመጡ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «በስንት ዓመቱ ለውድድር ይደርሳል?» ሆኗል። ልጁ ገና «አልሐምዱ»ን አላስተካከለም። ተሸንፎ የተመለሰ ትንሽ ሐፊዝ ቁርዓኑን ከሽንፈቱ ጋር አያይዞ ቢጠላው ተጠያቂው ማን ነው? ውድድሩ ይኑር፤ ግን ላሸነፈው የሚደገሰው ግማሹ እንኳ በዝምታ 30 ጁዝእ ለያዘውና ማንም ለማያውቀው የገጠር ደረሳ ይደረግለት። እዚህ በእግር ሁለትና ሦስት ሰዓት ተጉዞ የሚቀራ ልጅ አለን። ካሜራ አይቶት አያውቅም። አላህ ግን ያየዋል።

አሁን ወደ ወንዶቹ ልመለስ። «ሚስቴ ድራማ አበዛች» እያላችሁ ወደ እኔ የምትመጡ፣ እስኪ ስለ እናንተ ኳስ እናውራ። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ 90 ደቂቃና ከዚያ በኋላ ያለው ክርክር ዚክር ሆነ እንዴ? ያች ሴት ከዐስር ጀምራ በጾም አፏ ሳምቡሳ ጠቅልላ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ልጅ አጥባ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የምትቀመጠው። ያቺ ግማሽ ሰዓት ድራማ ለእሷ ወንበር ናት። ወንበሩን ልትነጥቃት ከፈለግክ መጀመሪያ ዕቃውን እጠብላት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤታቸው ሲሆኑ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበር ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነግራናለች። ዕቃው በወንድና በልጆች እጅ ከታጠበ እናትም ተራዊሕ ትደርሳለች፤ ያኔ ድራማው ራሱ ቦታውን ያውቃል።

ለተቀሩት የረመዳን ምሽቶች የምመክረው ይህን ነው። ከመግሪብ እስከ ዒሻእ ያለችውን ሰዓት ለቤተሰብ ወሬ ተዉት፤ ቴሌቪዥንም ስልክም ይረፉ። የዛሬ ድራማ ነገ ይደገማል፤ የዛሬ ኢፍጣር አይደገምም። ማየት ካለባችሁ አንድ ድራማ ምረጡና አብራችሁ እዩ። እያንዳንዱ በየጥጉ ስልኩን ይዞ የየራሱን ከሚያይ ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን ይሻላል፤ ቢያንስ አባት ልጁ ምን እንዳየ ያውቃል። ሲያልቅ አሥር ደቂቃ ተነጋገሩበት። «ማን በደለ? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? ይቅር ትል ነበር?» በሉ። በመጨረሻው አሥር ቀን ግን ሁሉንም ዝጉ፤ ለለይለቱል ቀድር የሚወዳደር ክፍል አልተሠራም።

ለድራማ ጸሐፊዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ባብዛኛው ባየኋቸው ድራማዎች ውስጥ ሙስሊሙ ብቅ የሚለው ባለሱቅ ወይም የጎን ጎረቤት ሆኖ ነው፤ ቤቱ ገብታችሁ አታውቁም። በ1447 ዓመተ ሒጅራ ረመዳንና ሁዳዴ በአንድ ሳምንት ውስጥ ገብተው ነበር። እዚህ ደባርቅ በአንድ ግቢ አንዷ ጎረቤት ለኢፍጣር ሾርባ ስትጥድ ሌላዋ ከቅዳሴ ለሚመለስ ቤተሰቧ ሽሮ ትሠራለች፤ ልጆቻቸው በአጥር ቀዳዳ ይጫወታሉ። አንዷ የሌላዋን ችግር ታውቃለች፤ ለዓመታት ይዛው ለማንም አልተነፈሰችም። ጦርነትና ስደት በዚህ አካባቢ ባለፈበት ጊዜም አንዱ የሌላውን ልጅ አስጠልሏል። ገመና መሸፈን ማለት ይህ ነው፤ ይህን ታሪክ የጻፈልን ግን እስካሁን አላየሁም። ጽፋችሁ ካመጣችሁልን ከተራዊሕ በኋላ ተሰብስበን እናየዋለን።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ ገመናችንን በዱንያም በአኺራም ይሸፍንልን፤ ለአገራችን ሰላም ይስጥልን። አሚን።